ፉጨቱ ባቡሩን ይገፋዋልን? ስለ ነፍስና ሥጋ የተሳሳቱ አመለካከቶችና እውነታው

ድሬዳዋ ውስጥ የበርጫ ጨዋታ ሲሞቅ ወሬው ከኑሮ ውድነት ተነሥቶ ነፍስ ላይ ማረፉ አይቀርም። ደጋግመው ከሚነሡት አባባሎች ጥቂቶቹን ላርም፤ ዓመቶቹ እንደ አውሮፓ አቆጣጠር ናቸው።

«ምርቃና ነፍስ አለመኖሯን ያሳያል።»

የጫቱ ካቲኖን አንጎልን ሲያነቃቃ ሐሳብም አብሮ መፍጠኑ እውነት ነው፤ ነገር ግን ምንታዌነት፣ ማለትም ነፍስና ሥጋ ሁለት የተለያዩ ህላዌዎች ናቸው የሚለው አስተምህሮ፣ ሥጋ ነፍስን አይነካም አይልም። ዋናው ጠበቃው ፈረንሳዊው ፈላስፋ ዴካርት በ1641 ባሳተመው መጽሐፍ፣ ነፍስ በሥጋ ውስጥ ያለችው መርከበኛ በመርከቡ ውስጥ እንዳለ ብቻ ሳትሆን ከሥጋው ጋር በጥብቅ ተዋሕዳ መሆኑን ጽፏል። ሁለት ነገሮች መነካካታቸው አንድ መሆናቸውን አያረጋግጥም።

«የምንታዌነትን ችግር ያጋለጠው የዘመናችን የአንጎል ሳይንስ ነው።»

አይደለም። የቦሄሚያዋ ልዕልት ኤልሳቤጥ በ1643 ለዴካርት በጻፈችው ደብዳቤ፣ መግፋት መነካካትን የሚጠይቅ ከሆነ ግዝፈት የሌላት ነፍስ ሥጋን እንዴት ታንቀሳቅሳለች ብላ ጠይቃዋለች። መገናኛቸው በአንጎል መሐል ያለችው ትንሽ ዕጢ ናት ማለቱም ቦታውን እንጂ መንገዱን አይነግረንም።

«ሐሳብ የባቡር ፉጨት ነው፤ ሳይንስም አረጋግጦታል።»

ምሳሌው የእንግሊዛዊው የሥነ ሕይወት ሊቅ የቶማስ ሃክስሊ ነው። በ1874 እንዳለው፣ የእንፋሎት ባቡር ፉጨት ሞተሩን እንደማያንቀሳቅሰው ሁሉ ንቃተ ኅሊናም ሰውነትን አያንቀሳቅስም። በ1902 ሐዲዱ ሲደርስላት ለተቆረቆረችው ለድሬዳዋ ልጅ ምሳሌው ቅርብ ነው፤ ሆኖም ፉጨቱን የሰማ ሁሉ ከሐዲዱ ላይ ዘወር ማለቱን ማን ይክዳል? የሃክስሊ አስተምህሮ ግን ለንቃተ ኅሊና ይህን ያህል እንኳ አይተውለትም። እርሱን ከተቀበልን፣ «ጥርሴን አመመኝ» ያልሁት ስላመመኝ አይደለም፤ ሃክስሊም ድርሳኑን የጻፈው ስላመነበት አይደለም። ማስረጃ ተብሎ የሚጠቀሰው የአንጎል ተመራማሪው የቤንጃሚን ሊቤት የ1983 ሙከራ፣ የአንጎል እንቅስቃሴ ሰው ፈቃዱን ካወቀበት ቅጽበት የሰከንድ ሲሶ ያህል እንደሚቀድም ቢያሳይም፣ የለካው እጅን እንዲያው በዘፈቀደ ማንቀሳቀስን ነው፤ ሰው ስለ ትዳሩ ወይም ስለ ንግዱ መክሮና አውጥቶ አውርዶ የሚወስነውን አልለካም።

«ነፍስን ብንክድ ችግሩ ያበቃል።»

ፈላስፋው ጄግዎን ኪም እንዳሳየው፣ እጄ እንዲነሣ የአንጎሌ ሁነት ብቻውን በቂ ምክንያት ከሆነ፣ ከእርሱ የተለየ ሐሳብ ሥራ ፈት ይሆናል፤ ስለዚህ ነፍስን የካዱትም ሐሳብ ከአንጎል ሁነት ይለያል እስካሉ ድረስ ከጥያቄው አያመልጡም። ኪም ራሱ እምነትንና ፍላጎትን በሚሠሩት ሥራ ተርጉሞ ወደ አንጎል ሊመልሳቸው ሞክሯል፤ ሕመም ለታመመው ሰው የሚሰማበት ስሜት ግን በዚህ መንገድ እንደማይመለስ በ2005 ባሳተመው መጽሐፍ አምኗል። ያ ስሜት ለእርሱም ፉጨት ሆኖ ቀርቶበታል።