በእንቅልፍ ልብ የሚነሳ የሚጥል በሽታ ምንድን ነው?

ማታ ደህና ሆኖ የተኛ ሰው ጠዋት ራሱን እያመመው ይነሳል። ምላሱ በጎን በኩል ተነክሷል። ጡንቻው ሁሉ ዝሏል። አንሶላው ረጥቧል፣ ትራሱ ላይም ደም የቀላቀለ ምራቅ አለ። ስለ ሌሊቱ ግን ምንም አያስታውስም። «ክፉኛ ስቃዥ አድሬ ይሆናል» ብሎ ያልፈዋል። እንዲህ እያለ ዓመታት የሚቆይ ሰው አለ።

ይህ በእንቅልፍ ልብ የሚነሳ የሚጥል በሽታ ሊሆን ይችላል። ቀን ከሚነሳው የተለየ ሌላ በሽታ አይደለም። የአንጎል ሴሎች የሚግባቡት በኤሌክትሪክ ምልክት ነው። ብዙ ሴሎች ባንድ ጊዜ፣ ከልክ በላይ ምልክት ሲለቁ ሰውነት ይገተራል፣ ይንቀጠቀጣል፣ ወይም ሰውየው ለአፍታ ራሱን ያጣል። በዓለም ላይ 50 ሚሊዮን ያህል ሰዎች የሚጥል በሽታ አለባቸው። ከእነሱ መካከል ሕመሙ ተኝተው ሳለ ብቻ የሚነሳባቸው ጥቂት አይደሉም። እንግሊዛዊው ሐኪም ዊልያም ጋወርስ ገና በ19ኛው ክፍለ ዘመን ታማሚዎቹን ሲመድብ፣ ሌሊት ብቻ የሚነሳባቸውን ለብቻ ለይቶ ጽፏል።

ለምን እንቅልፍ ላይ? ሰው ሲተኛ አንጎሉ ሥራ አያቆምም፤ አሠራሩን ይቀይራል እንጂ። ሕልም በማይበዛበት የእንቅልፍ ክፍል ሴሎቹ አንድ ላይ ቀስ እያሉ ይነቃቃሉ፣ አንድ ላይ ጸጥ ይላሉ። እንዲህ ተያይዘው በሚሄዱበት ሰዓት የተበላሸ ምልክት በቀላሉ ይዛመታል። ሕልም በሚበዛበት ክፍል ደግሞ ሴሎቹ በየፊናቸው ስለሚሠሩ ሕመሙ እዚያ ላይ የሚነሳው ከስንት አንዴ ነው። የሚገርመው፣ ሰው ግን ሁሉንም በሕልምና በቅዠት ያሳብባል። ዋናው ነገር እንቅልፉ እንጂ ጨለማው አይደለም። ሌሊት ሠርቶ ቀን የሚተኛ ሰው ቀን ሊነሳበት ይችላል።

ታማሚው ራሱ ስለማያየው ወሬው ሁሉ ያለው አብሮት የሚያድረው ሰው ዘንድ ነው። ከባዱ ዓይነት ብዙ ጊዜ በድንገተኛ ጩኸት ይጀምራል። ጩኸቱ የሥቃይ አይደለም፤ የደረት ጡንቻ ሲኮማተር አየሩ በጉሮሮ በኩል በኃይል ሲወጣ የሚሰማ ድምፅ ነው። ከዚያ ሰውነቱ ድርቅ ይላል፣ ቀጥሎ ይንዘፈዘፋል። ሲያበቃ በከባዱ እያንኮራፋ ይተነፍሳል። አጠገቡ ያለው ሰው የነቃው በዚህ ሰዓት ከሆነ «ዛሬ ደግሞ እንዴት ያንኮራፋል!» ብሎ ዞሮ ይተኛል።

ሌላም መልክ አለው። መነሻው ከግንባር በስተኋላ ያለው የአንጎል ክፍል ሲሆን ሰውየው ድንገት ብድግ ይላል፣ ይጮሃል፣ ፔዳል የሚመታ ይመስል እግሮቹን ያራግጣል። ብዙውን ጊዜ ደቂቃ እንኳ ሳይሞላ ያበቃል። ባንድ ሌሊት ደጋግሞ ሊመጣም ይችላል። ልጆች ላይ የሚታይም አለ። ልጁ የፊቱ አንድ ጎን እየተንቀጠቀጠ ይነቃል፣ ለሃጩ ይዝረበረባል፣ እየሰማ መናገር ያቅተዋል። ወላጅን ክው ያደርጋል። ደግነቱ አብዛኞቹን ልጆች 16 ዓመት ሳይሞላቸው ይለቃቸዋል።

እንቅልፍ ሊወስደን ሲል ብርግግ የሚያደርገን ነገር ግን የጤነኛ ሰው ነው፤ እሱ አያስጨንቅ። በእንቅልፍ ልቡ የሚሄድ ወይም ደንብሮ የሚጮህ ልጅም አብዛኛውን ጊዜ የሚነሳው በመጀመሪያዎቹ ሰዓታት ነው። ቆየት ይላል፤ የሚያደርገውም ዛሬና ነገ አንድ አይደለም። የሚጥል በሽታ ግን ሲነሳ አጭር ነው፣ መልኩም አይለዋወጥም። ትናንት የገተረው ግራ እጁን ከሆነ ዛሬም ግራ እጁን ነው።

ስለዚህ ከብዙ ምርመራ በፊት አንድ የሞባይል ቪድዮ ለሐኪሙ ትልቅ ነገር ነው። መብራቱን አብሩ፣ ብርድ ልብሱን ግለጡ፣ እስኪያበቃ ቅረጹ። ካበቃ በኋላ በስሙ ጥሩትና ምን እንደሚመልስ አብሮ ይቀረጽ። የአንጎልን ኤሌክትሪክ የሚመዘግበው ኢኢጂ የሚባለው ምርመራም አለ። ታማሚው ነቅቶ ሳለ የተደረገ ኢኢጂ ንጹሕ ሊሆን ይችላል፤ ያ ግን በሽታው የለም ማለት አይደለም። ለዚህ ነው ሐኪሞች ምርመራው ተኝቶ ሳለ እንዲደረግለት፣ አንዳንዴም እንቅልፍ አጥቶ እንዲመጣ የሚያዙት።

ሲነሳበት ምን ይደረግ? ትራሱን ከፊቱ አርቁ፣ በጎኑ አስተኙት፣ ሰዓት ያዙ። አፉ ውስጥ ምንም አትክተቱ፤ ማንኪያ ጥርስ ይሰብራል እንጂ ምላስ አያድንም። ጨብጣችሁ አትያዙት። አምስት ደቂቃ ካለፈ፣ ወይም ሳይነቃ ከደገመው፣ አምቡላንስ ይጠራ።

«ሌሊት ብቻ ስለሆነ ቀላል ነው» የሚለው አባባል አደገኛ ነው። የሚጥል በሽታ ካለባቸው አዋቂዎች መካከል በዓመት ከ1,000 አንዱ ያህል በበሽታው ሳቢያ በድንገት ይሞታል። ብዙዎቹ የሚገኙት አልጋቸው ላይ፣ በሆዳቸው እንደተኙ፣ ማንም ሳያያቸው ነው። ሐኪሞች ይህን ለታማሚ መንገር ይከብዳቸዋል። እኔ ግን ይነገር ባይ ነኝ፤ መከላከያው ያለው ማወቁ ላይ ነውና። ትልቁ መከላከያ ሕመሙ ጨርሶ እንዳይነሳ ማድረግ ነው። በትክክል ተመርምረው ከታከሙ እስከ 70 በመቶ የሚሆኑት ታማሚዎች ሳይነሳባቸው መኖር ይችላሉ።

መድኃኒቱ አይዘለል። «ሰሞኑን ደህና ነኝ» ብሎ በራስ ፈቃድ ማቆም ክፉኛ ሊቀሰቅሰው ይችላል። እንቅልፍ ማጣትና መጠጥም እንዲሁ። በእንቅልፍ መሀል ትንፋሽ የሚቆራረጥበት ሰው ካለ ለሐኪሙ ይንገር፤ እሱ ሲታከም የሚጥለውም የሚቀንስበት ጊዜ አለ። ሕመሙ ማታ የሚበረታ ከሆነ የመድኃኒቱን ሰዓትና መጠን ወደ ማታው ማዞር ይቻል እንደሆነ መጠየቅም አይከፋም። አልጋው ዝቅ ያለ ይሁን፤ ጠርዙ ስል የሆነ ኮመዲኖም ከራስጌ ይነሳ። አብሮ የሚያድር ሰው ካለ ሳያፍሩ መንገር ነው።

መንዳትን በተመለከተ ሕጉ ከአገር አገር ይለያያል። ሕመሙ በእንቅልፍ ብቻ እንደሚነሳ ለተወሰነ ጊዜ ሲረጋገጥ መንዳት የሚፈቅዱ አገሮች አሉ። ነቅቶ ሳለ አንድ ጊዜ ከተነሳበት ግን መሪ መያዙ ይቆማል።