ስለ ከተማ ዳር የመንግሥት ትምህርት ቤቶች የሚወራውና እውነታው

አዲስ አበባ ዳር፣ ቱሉ ዲምቱ ይሁን ቦሌ አራብሳ ወይም የካ አባዶ፣ ስለ መንግሥት ትምህርት ቤት የማይባል ነገር የለም። ወሬው ልጆቹ ጆሮ ስለሚደርስ ዝም ሊባል አይገባም።

«የ12ኛ ክፍል ፈተና የመንግሥት ትምህርት ቤቶችን ጉድ አወጣ»

50 በመቶና ከዚያ በላይ ያመጡት በ2014 ዓ.ም. 3.3 በመቶ፣ በ2016 5.4 በመቶ፣ በ2017 ደግሞ 8.4 በመቶ ናቸው። ያስደነግጣል። ግን ይህ የመላ አገሪቱ ውጤት ነው፤ በየወሩ ብዙ ሺህ ብር እየተከፈለለት የተማረውም እዚያው ውስጥ ተቆጥሯል። በጥሩ ውጤት የሚታወቁት የእቴጌ መነንና የገላን አዳሪ ትምህርት ቤቶች ደግሞ የመንግሥት ናቸው። ተማሪዎቻቸው ተመርጠው እንደሚገቡ አይካድም። ነገር ግን እዚያ ምግብ አለ፣ መኝታ አለ፣ ማታ የሚጠናበት ብርሃንና ጸጥታ አለ።

«ልጆቹ ሰነፎች ናቸው»

ይህ ከሁሉም በላይ ያንገበግበኛል። ሥርዓተ ትምህርቱ ከተቀየረ ወዲህ የታተመ መጽሐፍ ለሁሉም ቶሎ አልደረሰም። ሦስት ልጆች አንድ ዴስክ ላይ ተጠጋግተው አንድ የፊዚክስ መጽሐፍ ያያሉ፤ ማታ ተራ የደረሰው ይዞት ይሄዳል። የቀሩት በፒዲኤፍ ያነባሉ፣ ያውም እናት ከሥራ ስትመለስ፣ በእናት ስልክ፣ ባትሪው እስኪያልቅ። ስክሪኑ ተሰንጥቆ ቀመሩ ግማሹ የማይታይበት ልጅ አውቃለሁ። ቀሪውን ጠዋት ከጓደኛው ደብተር ይገለብጣል። ይህን ልጅ ሰነፍ ማለት ግፍ ነው።

«ምገባ ስላለ የረሃብ ነገር አብቅቷል»

በአዲስ አበባ በ2012 ዓ.ም. የተጀመረው የተማሪዎች ምገባ ትልቅ ነገር ነው፤ ቁርሱንና ምሳውን ትምህርት ቤት የሚበላ ልጅ ከክፍል አይጠፋም። ችግሩ 9ኛ ክፍል ሲገባ ነው። ትምህርቱ ሁሉ በእንግሊዝኛ በሚሰጥበት፣ ጭንቅላት በሚፈተንበት ጊዜ ምሳው ይቀራል።

«ትምህርቱ በነጻ ነው»

ክፍያ የለውም፣ እውነት ነው። የታክሲና የኢንተርኔት ካርድ ግን የሚሸፍንለት የለም።

«ወላጅ ግድ የለውም»

የወላጆች ስብሰባ በሥራ ቀን ከጠዋቱ 4 ሰዓት ይጠራል። ከመጣ የዕለቱ ደሞዝ የሚቀርበት የቀን ሠራተኛ ቀረ ተብሎ ይወቀሳል። የወላጅ ተማሪ መምህር ኅብረት ስብሰባውን እሑድ ከሰዓት ቢያደርገው አዳራሹ ይሞላል። አጀንዳውም መዋጮ ብቻ አይሁን፤ የትኛው ክፍል ስንት መጽሐፍ እንደጎደለው፣ የትኛው ትምህርት መምህር እንደሌለው በግልጽ ይነገረን።