«ኬክህን በልተህ ኬክህን አታቆይም»

እ.ኤ.አ. በ2016፣ ብሪታንያውያን ከአውሮፓ ኅብረት ለመውጣት ድምፅ በሰጡ በጥቂት ወራት ውስጥ፣ የወቅቱ የውጭ ጉዳይ ሚኒስትር ቦሪስ ጆንሰን ፖሊሲያችን ኬካችንን ይዘን መብላት ነው አሉ። ከኅብረቱ እንውጣ፣ ጥቅሙም አይቅርብን እንደማለት ነው። የአውሮፓ ኅብረት ምክር ቤት ፕሬዚዳንት ዶናልድ ቱስክ መልስ ፍለጋ ሩቅ አልሄዱም፤ ኬክ ግዙ፣ ብሉት፣ ከዚያ ሳህኑ ላይ እንዳለ እዩ አሉ።

የአባባሉ ትርጉም ይኸው ነው። የእኛው «ሁለት እግር አለኝ ተብሎ ሁለት ዛፍ አይወጣም» ይቀርበዋል። እንደኔ ግን የእንግሊዞቹ ይብሳል፤ ካንዱ ዛፍ ወርዶ ሌላው ላይ መውጣት ይቻላል፣ የተበላ ኬክ ግን አይመለስም።

ዛሬ ይህን የሚሰማ እንግሊዛዊ ከሰዓት በኋላ ከሻይ ጋር የሚቀርበው የቪክቶሪያ ኬክ ትዝ ቢለው አይፈረድበትም። በንግሥት ቪክቶሪያ ስም የተጠራ ድርብ ኬክ ነው፤ መሃሉ ማርማላታ ይቀባል፣ ላዩ ላይ የደቀቀ ስኳር ይነሰነሳል። በባህላዊው አሠራር እንቁላሉ ከነቅርፊቱ ይመዘንና ቅቤው፣ ስኳሩና ዱቄቱ በዚያው ክብደት ይገባሉ። እንዲህ ኩፍ እንዲል ያስቻለው ቤኪንግ ፓውደር ነው፤ አልፍሬድ በርድ የተባለ የበርሚንግሃም ሰው በ1843 ነበር የቀመመው።

አባባሉ ግን ከኬኩ 300 ዓመት ገደማ ይቀድማል። የኖርፎክ መስፍን ቶማስ ሃዋርድ በ1538 ለንጉሥ ሄንሪ 8ኛ ሹም ለቶማስ ክሮምዌል በጻፈው ደብዳቤ ውስጥ ይገኛል። በ1546 ደግሞ ጆን ሄይውድ ባሳተመው የምሳሌዎች ስብስብ ገባ። ያኔ ኬክ የሚሉት በእርሾ የሚቦካ፣ ከዳቦ እምብዛም የማይርቅ ነገር ነበር።

መስፍኑ መያዙን ያስቀድማል፣ ሄይውድ መብላቱን። ለረጅም ዘመን የገነነው የሄይውድ ነው፤ ደግሞም ልክ ነው፣ ይዞ መብላትማ ማን ያቅተዋል! ዛሬ ግን ብዙው ሰው የሚለው መያዙን አስቀድሞ ነው። በአሜሪካ በፖስታ ቦምብ እየላከ ሰው ይገድል የነበረው ቴድ ካዚንስኪ የድሮውን አልለቀቀም። በ1995 ጋዜጣ ላይ በወጣው ረጅም ጽሑፉ መብላቱን አስቀድሞ ጻፈው። ወንድሙ የአጻጻፉን ለዛ አውቆ ለመርማሪዎች ጠቆመ፤ መርማሪዎቹም ጽሑፉን ከቀድሞ ደብዳቤዎቹ ጋር ሲያስተያዩ ይህችው የኬክ አባባል ከምልክቶቹ አንዷ ሆነች። ሚያዝያ 1996 ተያዘ።