መልቲስፔክትራል ኢሜጂንግ ምንድን ነው?

ስሙ ያስፈራል እንጂ ነገሩ ቀላል ነው። አንድን ገጽ በተለያየ ብርሃን ደጋግሞ ፎቶ ማንሳት ነው። ገጹም ካሜራውም ከቦታቸው ንቅንቅ አይሉም፤ የሚቀያየረው መብራቱ ብቻ ነው። ዓይናችን ከማያየው አልትራቫዮሌት ተነስቶ በሰማያዊ፣ በአረንጓዴና በቀይ አልፎ እስከማይታየው ኢንፍራሬድ ይሄዳል። በአንዱ ብርሃን ጎልቶ የሚታይ ቀለም በሌላው ድራሹ ይጠፋል። ኮምፒውተሩ የሚጠቀመው ይህንን ልዩነት ነው።

በጣም የታወቀው ምሳሌ የአርኪሜዲስ መጽሐፍ ነው (ዓመቶቹ ሁሉ እንደ ፈረንጅ አቆጣጠር ናቸው)። የግሪኩን ሊቅ ሥራዎች በ10ኛው ክፍለ ዘመን አንድ ሰው ብራና ላይ ገለበጣቸው። በ1229 ደግሞ አንድ ጸሐፊ ያንን ብራና ፍቆ፣ አዙሮ፣ የጸሎት መጽሐፍ ጻፈበት። ክፋት አይደለም። ብራና ሲዳመጥ ያየ ሰው አንዲት ገጽ ስንት ልፋት እንዳላት ያውቃል። መጽሐፉ በ1998 በ2 ሚሊዮን ዶላር በጨረታ ተሸጠ፤ ገዢው ባልቲሞር ለሚገኘው የዋልተርስ ሙዚየም በአደራ ሰጠው። የተፋቀውን ጽሑፍ የማንበብ ሥራም እዚያ ተጀመረ።

እኔ የምወደው ቀጥሎ ያለውን ነው። የምስል ሳይንቲስቶቹ መጀመሪያ የጸሎቱን ጽሑፍ ከፎቶው ላይ አጠፉት። አርኪሜዲስ ብቻውን ቀረ። ድንቅ ሥራ ነበር፤ የግሪክኛ ሊቃውንቱ ግን አልተደሰቱም። ፊደል የጎደለበት ቦታ ላይ ሲደርሱ ተቸገሩ። ቦታው ድሮም ባዶ ነው ወይስ ጸሎቱ ሸፍኖት ነው? መለየት አልቻሉም። ስለዚህ የጠየቁት ሳይንቲስቶቹ ያልጠበቁትን ነው፤ ጸሎቱን መልሱልን አሉ።

መፍትሔውን ያመጣው ከምስል ሳይንቲስቶቹ አንዱ፣ ኪት ኖክስ ነው። በቀይ ብርሃን የተፋቀው ጽሑፍ አይታይም፣ ጸሎቱ ግን ይታያል። በአልትራቫዮሌት ሁለቱም ይታያሉ። ሁለቱ ፎቶዎች በአንድ ባለቀለም ምስል ሲጣመሩ ጸሎቱ ጥቁር፣ አርኪሜዲስ ቀይ ሆኖ ወጣ። አንባቢው ሁለቱንም እያየ የሚፈልገውን ይከተላል። ካሜራው ያው ነው፤ የተለወጠው ጥያቄው ነው።

አራት ገጾች ግን እምቢ አሉ። በ20ኛው ክፍለ ዘመን አንድ አጭበርባሪ ዋጋ ለመጨመር ይመስላል የወርቅ ቅብ ያለበት ሥዕል ስሎባቸዋል። እነዚህ ስታንፎርድ ወዳለው የኤክስሬይ ጣቢያ ተወሰዱ። ጨረሩ በጽሑፉ ቀለም ውስጥ ያለውን ብረት ከሥዕሉ ሥር አወጣው። ችግሩ ኤክስሬይ ብራናውን አልፎ ስለሚሄድ የፊቱና የጀርባው ጽሑፍ፣ ከነጸሎቱ፣ አንድ ላይ ተደራርቦ መምጣቱ ነው። የትኛው መስመር የትኛው ገጽ ላይ እንደሆነ መለየት ለሊቃውንቱ ቀረላቸው፤ ፊደል በፊደል።