ለፖሊስ ብቻ የተሠራች የቤት መኪና፦ ሰዉ ምን አለ? ጎንደር ብትመጣስ?

ስለ ፖሊስ መኪና ወሬ ሲነሳ ሰው መጀመሪያ የሚጠይቀው ፍጥነቷን ነው። ስንት ትበራለች? ሌባ ያመልጣታል ወይስ ትደርስበታለች? ፖሊሶቹ ግን፣ በተለይ ሙሉ ፈረቃ ውስጧ ተቀምጠው የሚውሉት፣ የሚያወሩት ስለ ወንበሯ ነው። ስለ ወገባቸው። ቀበቶው ላይ የተንጠለጠለው ሽጉጥ፣ ካቴናና ሬዲዮ ከወንበሩ ጠርዝ ጋር እየተጋፋ ጎናቸውን ይወጋቸዋላ። አሜሪካ ውስጥ ለፖሊስ ተብለው ስለወጡ ሴዳኖች የተባለው አብዛኛው ነገር ዞሮ ዞሮ የሚያርፈው እዚህ ላይ ነው፤ ወንበር፣ ሞተር ሳይጠፋ ቆሞ መዋል፣ መለዋወጫ። ፍጥነት ከዚያ በኋላ ይመጣል።

ሴዳን እንግዲህ እንደ ኮሮላ ያለችው፣ ዝቅ ያለች ባለ አራት በር፣ ዕቃ መጫኛዋ ከኋላ ለብቻው የሆነ መኪና ናት። ጎንደር ውስጥ ፖሊስ ሲባል ዓይናችን የለመደው ፒክአፕ ነው፤ ከኋላ ሰው የሚጫንበት፣ ድንጋይም ጭቃም የማይፈራ። አሜሪካኖች ግን ለብዙ አሥርት ዓመታት የፖሊስ ሥራቸውን የሠሩት በሴዳን ነው።

ከነዚህ ሁሉ ዝነኛዋ የፎርድ ክራውን ቪክቶሪያ ናት። ስሟን የማያውቅ ሰው እንኳ በፊልም አይቷታል። ካናዳ ኦንታሪዮ፣ ሴንት ቶማስ በሚባል ከተማ ነበር የምትገጣጠመው። 4.6 ሊትር ቪ8 (ባለ ስምንት ሲሊንደር) ሞተር፣ በመጨረሻ ዓመታቷ 250 የፈረስ ጉልበት፣ የሚገፋት የኋላ ጎማ፣ ቦዲዋ ደግሞ እንደ ጭነት መኪና ሻንሲ ላይ የተቀመጠ። ይህ ሻንሲ ነው ያስወደዳት። የእግረኛ መንገድ ጠርዝ ላይ ቢወጡባት ትችለዋለች፣ ብትጋጭም ለጋራዥ አታስቸግርም። እንከን የለባትም ማለት አይደለም። የነዳጅ ጋኗ ከኋላ አክሰሉ ጀርባ ስለነበር ሌላ መኪና ከኋላ በኃይል ሲመታት እሳት እየተነሳ ፖሊሶች ሞተዋል፣ ፎርድም ተከሷል። ኩባንያው ጋኑ አካባቢ መከላከያ ገጠመ፤ ለ2005 ሞዴል ደግሞ የእሳት ማጥፊያ መሣሪያ በተጨማሪ ዋጋ አቀረበ። የመጨረሻዋ ክራውን ቪክቶሪያ ከፋብሪካ የወጣችው በሴፕቴምበር 2011 ነው (ከዚህ በታች ያሉት ዓመቶችም፣ ዓ.ም. ካላልኩ በቀር፣ በፈረንጆቹ አቆጣጠር ናቸው)።

እሷ ልትቆም ነው ሲባል ገበያው ተከፈተ። በዚያን ጊዜ ነው አዳዲሶቹ የመጡት፤ ክርክሩም የተነሳው።

ከሁሉም በላይ ያስወራችው ግን ገበያ ሳትወጣ የቀረችው ናት። ካርቦን ሞተርስ የሚባል ኩባንያ በ2003 ተቋቋመ። ከመሥራቾቹ አንዱ ፎርድ ውስጥ ኃላፊ የነበረው ዊልያም ሳንታና ሊ ነው፤ ሌላው ቴክሳስ ውስጥ ፖሊስ የነበረው ስቴሲ ዲን ስቲቨንስ። የነሱ ክርክር ቀላል ነበር። የእሳት አደጋ መኪና ለእሳት አደጋ ተብሎ ይሠራል። አምቡላንስም እንደዚያው። ፖሊሱ ለምንድን ነው ለቤተሰብ ተብላ የተሠራች መኪና ቀለም ተቀብታ፣ መብራት አናቷ ላይ ተለጥፎባት የሚሰጠው? ክርክሩ ያስኬዳል፤ እኔም እስከዚህ ድረስ አብሬያቸው ነኝ።

መኪናዋን ኢ7 አሏት። ሞተሯ የቢኤምደብሊው 3 ሊትር ናፍጣ፣ 300 ገደማ የፈረስ ጉልበት። ዕድሜዋ 400,000 ኪሎ ሜትር ገደማ እንዲሆን ታስቦ፣ ከኋላ በሰዓት 120 ኪሎ ሜትር በሚበር መኪና ብትመታ እንድትችለው ተብሎ። መብራቱም፣ ሳይረኑም፣ የሰሌዳ ቁጥር የሚያነበው ካሜራም አብሮ የሚመጣ እንጂ በኋላ ጋራዥ ገብቶ የሚቦረቦር አልነበረም። የሸጡት ተስፋ ይህ ነው።

እኔን የሚገርመኝ ግን የኋላ በሯ ነው። እስኪ አስቡት። እጁ ወደ ኋላ በካቴና የታሰረ ሰው የቤት መኪና የኋላ ወንበር ውስጥ ስታስገቡት ምን ይሆናል? ጎንበስ ሲል ሚዛኑን ይስታል፣ ጭንቅላቱ ጣሪያው ጠርዝ ላይ እንዳይመታ ፖሊሱ አናቱን በእጁ ይዞ ይጫነዋል፣ ከዚያ ጉልበቱ ከፊት ባለው የብረት መከለያ ጋር ይጋጫል፣ ከተቀመጠ በኋላ ደግሞ የራሱን ቀበቶ ማሰር ስለማይችል ፖሊሱ በላዩ ላይ አልፎ ሊያስርለት ይገደዳል። አፉ ከፖሊሱ ጆሮ ጋር ገጠመ ማለት ነው። መንከስ፣ መትፋት፣ በግንባር መምታት፣ ሁሉም የሚመጣው እዚችው ቅጽበት ላይ ነው። ኢ7 የኋላ በሯ ማጠፊያው ከኋላ በኩል ስለሆነ በተቃራኒው ነው የሚከፈተው፤ ሰውየው ዞሮ ጀርባውን ሰጥቶ ቁጭ ይላል። ወንበሩም ጨርቅ የለውም፣ አንድ ወጥ ፕላስቲክ ነው። ሲቆሽሽ ውሃ ለቆ ማጠብ። ይህን ያሰበ ሰው ሥራውን ያውቀዋል።

ታዲያ ለምን አልተሳካም? ተጠራጣሪዎቹ ከመጀመሪያውም ያነሱት ጥያቄ ትክክል ስለነበር ነው። አንድ ምርት ብቻ ያለው አዲስ ኩባንያ ነገ ቢዘጋ መለዋወጫውን ማን ያመጣል? የከተሞቹም በጀት በ2008ቱ የገንዘብ ቀውስ ደቅቆ ነበር። ኩባንያው በ2010 ከቢኤምደብሊው ጋር ለ240,000 ሞተር ተፈራረመ፣ ኢንዲያና ውስጥ ኮነርስቪል በምትባል ከተማ ሰፊ ፋብሪካ ያዘ፤ ከመንግሥት የጠየቀው 310 ሚሊዮን ዶላር ገደማ ብድር ግን በ2012 ተከለከለ። በ2013 ከሰረ። የኮነርስቪል ሰው ሥራ ሲጠብቅ ቀረ። መሥራቾቹ በዚያው ዓመት ናይትስኮፕ የሚባል፣ የጥበቃ ሮቦት የሚሠራ ኩባንያ አቋቋሙ፤ ተስፋ የሚባል ነገር አይቆርጡም መሰለኝ።

ሼቭሮሌ ካፕሪስ ደግሞ ሌላ ታሪክ ናት። በ2009 ዴንቨር ላይ የፖሊስ አዛዦች ስብሰባ ላይ ነው ይፋ የሆነችው። የምትሠራው አውስትራሊያ፣ በሆልደን ፋብሪካ ነው። 6 ሊትር ቪ8፣ 355 የፈረስ ጉልበት፣ እንደ ድሮዋ የኋላ ጎማ የሚገፋት። የፊት ወንበሯ ለፖሊስ ቀበቶ ቦታ እንዲተው ሆኖ ተቀርጿል፤ ለሬዲዮውና ለኮምፒውተሩ ሁለተኛ ባትሪ ይገባላታል። አዲሷ የተሸጠችው ለፖሊስ ብቻ ነው። የነዷት ወደዷት። የገዢዎቹ ሥጋት ግን ያው ነው፤ ዕቃዋ ከአውስትራሊያ ነው የሚመጣው። ሆልደን በኦክቶበር 2017 ማምረቻውን ሲዘጋ እሷም አበቃች።

ፎርድ በክራውን ቪክቶሪያ ቦታ ያመጣት ቶረስ በምትባለው የቤት መኪናው ላይ የተመሠረተች ነበረች። በ2010 ታየች፣ ቺካጎ ተሠራች። ጠንካራዋ ባለ ሁለት ቱርቦ (አየር በግፊት ወደ ሞተሩ የሚያስገባ መሣሪያ) 3.5 ሊትር ቪ6 ናት፤ 365 የፈረስ ጉልበት፣ አራቱም ጎማ የሚጎትት። የፊት ወንበሮቿ ጀርባ ውስጥ ከኋላ የተቀመጠው ሰው በስለት እንዳይወጋ ብረት ገብቶበታል። አንድ ብልሃትም ነበራት፤ ቆማ ሳለ ከኋላ ሰው ከቀረበ ታስጠነቅቃለች፣ መስኮቷን ዘግታ በሯን ትቆልፋለች። ቅሬታው ግን አልቀረም። ጠባብ ናት፣ ከኋላ ዕይታዋ ደካማ ነው አሉ። ረጅም ሰው ከነመሣሪያው አይመቸውም። ዶጅ ቻርጀርም ነበረች፣ ከ2006 ጀምራ፤ ጉልበት ሞልቷታል፣ ወጣት ፖሊስ ይወዳታል፣ ከዚህ በላይ ብዙ የምለው የለኝም።

መጨረሻው ምን ሆነ? ፖሊሶቹ ሴዳኑን ትተው ከፍ ወዳለችው የፎርድ መኪና፣ ወደ ኤክስፕሎረር ሄዱ። ፎርድ በ2019 የፖሊስ ሴዳኑን አቆመ። ቻርጀርም በ2023 አበቃች። አሜሪካ ያን ሁሉ ገንዘብ አፍስሳ የደረሰችበት ነገር ጎንደር ከድሮውም የምታውቀው ነው፤ ከፍ ያለ መኪና ይሻላል።

እሺ፣ ይቺ ሴዳን ጎንደር ብትመጣስ?

መጀመሪያ ከፍታው አለ። ጎንደር ከባሕር ጠለል በላይ 2,100 ሜትር ገደማ ናት። አየሩ ስለሚሳሳ ቱርቦ የሌለው ሞተር ከጉልበቱ አንድ አምስተኛ ያህል እዚህ ያጣል። 250 የነበረው 200 ሆነ ማለት ነው፣ ያውም አራት ሰው ጭኖ ወደ ጎሃ ሆቴል ዳገት ሳይወጣ። ቱርቦ ያላት የፎርዷ ወይም የኢ7 ዓይነት ሞተር ይህን ያህል አይጎዳም። ስለዚህ ወረቀት ላይ ያለውን የፈረስ ጉልበት አይታችሁ አትደነቁ።

ቀጥሎ ሆዷ ነው። የእንዲህ ዓይነት መኪና ሆድ ከመሬት አንድ ስንዝር አይሞላም። ከፒያሳ አዘዞ ባለው አስፋልት ምንም አትሆንም። ወደ ውስጥ ለውስጥ መንደሮች ስትታጠፍ ግን ኮብልስቶኑ ያለቀበት ቦታ ላይ፣ ክረምት የቦረቦረው ጎርፍ መሐል ድንጋይ አፍጥጦ ይጠብቃታል። ኮፓዋ ከተመታ ዘይቷ መንገድ ላይ ይፈሳል። ባጃጅ አልፏት ይሄዳል፤ የምታባርረውም ምናልባት ያንኑ ባጃጅ ነው።

ከዚያ ደግሞ ቆሞ መዋሉ። የከተራ ቀን፣ ጥር 10፣ ታቦታቱ ወደ ፋሲል መዋኛ ሲወርዱ ያያችሁ ታውቃላችሁ። ከፒያሳ ጀምሮ መንገዱ ሰው በሰው ነው። ከሕዝቡ ጋር የምትሄድ መኪና ከሰው እርምጃ በላይ አትሄድም፤ ሰዓታት ሞተሯ ሳይጠፋ፣ በአንደኛ ማርሽ እየተንፏቀቀች፣ ንፋስ ሳያገኛት ነው የምትቆየው። እዚያ ላይ 365 የፈረስ ጉልበት ምን ይሠራል? የሚፈለገው ደህና ራዲያተር፣ ጠንካራ ዲናሞና የማይሞት ባትሪ ነው። ፎርድ ለፖሊስ መኪኖቹ ያወጣው ስሌት አለ፤ ሞተር ሳይጠፋ አንድ ሰዓት መቆም 53 ኪሎ ሜትር ገደማ እንደመንዳት ይቆጠራል። ስለዚህ ኪሎ ሜትሯ ትንሽ የሆነ አሮጌ የፖሊስ መኪና አግኝቻለሁ ብሎ የሚደሰት ሰው ሞተሩ ስንት ሰዓት እንደሠራ ቢጠይቅ ይሻለዋል።

መለዋወጫውን አዘዞ መንገድ ላይ ላለ አንድ መካኒክ አነሳሁለት። ስለ ቪ8ቱ ስነግረው እጁን በጨርቅ እየጠረገ በትዕግሥት ሰማኝና፣ «አንተ ልጅ፣ ጉልበቱን ተወውና የፍሬን ሸራዋ ከየት እንደሚመጣ ንገረኝ» አለኝ። የካርቦን ሞተርስ ተጠራጣሪዎች በገጽ ብዛት የጻፉትን በአንድ ዓረፍተ ነገር ጨረሰው። ለሂሉክስና ለላንድክሩዘር ሸራው፣ አሞርዛተሩ፣ ባሌስትራው ሁሉ ገበያ ላይ አለ። ለእሷ ግን አዲስ አበባም ደውለህ ላታገኝ ትችላለህ።

አንድ የተለወጠ ነገር አለ። ከ2016 ዓ.ም. ጀምሮ በነዳጅ የሚሠራ የቤት መኪና ወደ አገር እንዳይገባ ስለተከለከለ፣ ዛሬ አዲስ ሴዳን ብትመጣ በኤሌክትሪክ የምትሠራ ናት። ይህ ደግሞ ሒሳቡን ይቀይረዋል። የኤሌክትሪክ ሞተር አየር ሳሳ ብሎ አይደክምም። ቆማ ስትውልም የምታቃጥለው ነዳጅ የለም፤ ሬዲዮውና መብራቱ ከባትሪው ይበላሉ፣ በቃ። ለከተራ ቀን ከዚህ የተሻለ አላውቅም። ችግሩ ባትሪው የተነጠፈው ከወለሉ ሥር መሆኑ ነው፤ ያ ድንጋይ አሁን የሚጠብቀው ኮፓ ሳይሆን ከመኪናዋ ሁሉ ውዱን ዕቃ ነው። መብራት በጠፋ ሌሊት የሚመጣው ጥሪም አለ።

የኔን ካላችሁኝ ለትራፊክ ፖሊስ ብትሆን እቀበላታለሁ። ከፒያሳ እስከ አዘዞ አውሮፕላን ማረፊያ ያለው አስፋልት ይበቃታል፤ ማታ ማታ ጣቢያው ግቢ ውስጥ ትሞላለች። ተጠርጣሪ መጫን፣ ገጠር መውጣት፣ ወደ ደባርቅ ወይም ወደ መተማ መንገድ መሄድ ካለ ግን ፒክአፑ ይቀጥል። ከኢ7 ላይ የምወስደው አንድ ነገር ቢኖር ያን የፕላስቲክ ወንበርና ያን በር ነው፤ ደብል ካቢን ፒክአፕ ላይ ቢገጠም ማን ይጠላል?