«ስካን ተደርጎ የለ እንዴ!»

ሥራዬ የብራና መጻሕፍትን ዲጂታል ማድረግ ነው። ይህን ስናገር የሚከተለውን አስቀድሜ አውቀዋለሁ። «አሃ፣ ፎቶ ማንሳት!» ይባላል። ቀጥሎ ስለ ድንቅነሽ እጠየቃለሁ። መጨረሻ ላይ ደሜን የሚያፈላው ይመጣል፦ «ስካን ከተደረገ ዋናው ምን ይሠራል?» ለሁሉም አንድ በአንድ ልመልስና ልረፍ።

«ዋናዋ ድንቅነሽ አሜሪካ ቀርታለች።» አልቀረችም። እ.ኤ.አ. በ2007 ሄደች፣ በ2013 ተመለሰች (ከዚህ በታች ያሉት ዓመቶችም በዚሁ አቆጣጠር ናቸው)። ብሔራዊ ሙዚየም በመስታወት ውስጥ የሚታየው ቅጂ መሆኑ እውነት ነው። 3.2 ሚሊዮን ዓመት የሆነው አጥንት ለብቻው የሚቀመጠው እንዳይጎዳ እንጂ ስለጠፋ አይደለም።

«ቨርቹዋል ሙዚየም ማለት በስልክ አዳራሽ ለአዳራሽ መዞር ነው።» እሱ ጉብኝት ነው። ቁም ነገሩ ከጀርባ ያለው መዝገብ ነው፤ የዕቃው ቁጥር፣ ልኩ፣ ከየት እንደመጣ።

«ስካን ያው ፎቶ ነው።» ድንቅነሽ አሜሪካ ሳለች፣ በ2008፣ ኦስቲን በሚገኘው የቴክሳስ ዩኒቨርሲቲ ለአሥር ቀን ሲቲ ስካን ተደርጋለች። ከ35,000 በላይ ምስል ወጣ። ፎቶ ውጪውን ያሳያል፤ ይሄኛው አጥንቱን ሳይነካ ውስጡን እንደ ዳቦ ቆራርጦ ያሳያል። በዲኪካ የተገኘችው ሕፃን፣ ሰላም፣ መንጋጋዋ ውስጥ ገና ያልወጡ ጥርሶች እንዳሉ የታወቀው በዚህ መንገድ ነው። በ2016 ደግሞ ተመራማሪው ጆን ካፕልማንና ባልደረቦቹ የድንቅነሽን ስብራት አይተው «ከረጅም ዛፍ ወድቃ ነው የሞተችው» አሉ። ያገኛት ዶናልድ ጆሃንሰን አልተዋጠለትም፤ እንዲህ ያለ ስንጥቅ ሌሎች ቅሪተ አካላት ላይም ሞልቷል ሲል ተከራከረ። ያኔ በኢትዮጵያ መንግሥት ፈቃድ የትከሻዋና የጉልበቷ ፋይል ለሕዝብ ተለቀቀ። ጉልበቷን በፕላስቲክ ታትሞ እጄ ላይ ይዤው አውቃለሁ። መዳፍ ውስጥ ይገባል። ትንሽ ሰው ነበረች።

አሁን ወደ ዋናው ንዴቴ። «አንዴ ስካን ከተደረገ አለቀ።»

አላለቀም! ከ1973 ጀምሮ ወደ 9,000 የሚጠጉ የኢትዮጵያ ብራናዎች በማይክሮፊልም፣ ማለትም ገጹን አሳንሶ በሚይዝ ፊልም፣ ተነስተዋል። ፊልሞቹ ሚኒሶታ በሚገኘው የሂል ሙዚየምና የብራና ቤተ መጻሕፍት አሉ። ያንን ሥራ የሠሩትን እጅ እነሳለሁ። ግን ፊልሙ ጥቁርና ነጭ ነው። ብራና የሚያውቅ ሰው የጎደለው ወዲያው ይገባዋል፦ የእግዚአብሔር ስም፣ የእመቤታችን ስም፣ መጽሐፉን ያስጻፈው ሰው ስም በቀይ ነው የሚጻፈው። ፊልሙ ላይ ቀዩን ከጥቁሩ ለመለየት ዓይን ይለፋል። አንድ ጊዜ ያስጻፊው ስም ተፍቆ የሌላ ሰው ስም የተጻፈበት ዳዊት ገጥሞኛል። በተራ ፎቶ ምንም አይታይም። አልትራቫዮሌት መብራት ሲበራበት የመጀመሪያው ስም ከሥር ብቅ አለ። ዋናው ባይኖር ምኑ ላይ ነበር የማበራው?

ፋይልም ይሞታል። በጥቅምት 2023 ብሪቲሽ ላይብረሪ የሳይበር ጥቃት ደረሰበት፤ በድረ ገጹ ይነበቡ የነበሩ ብራናዎች ለረጅም ጊዜ ተዘጉ። እንግሊዞች ከመቅደላ የወሰዷቸውም እዚያው ነበሩበት። ብራናው መደርደሪያው ላይ ምንም አልሆነም። የእኛም ሰፈር ጉድ አለ። አንድ መሥሪያ ቤት የስንት ወር ሥራ አንድ ሃርድ ዲስክ ላይ አስቀምጦ ዲስኩ ከጠረጴዛ ወደቀ። እንደምንም ከፈትነው። ፋይሎቹ ከ0001 ጀምሮ ቁጥር ብቻ ነው ያላቸው። የትኛው ስንክሳር፣ የትኛው ድርሳን እንደሆነ የሚያውቅ ጠፋ።

በመቅደላ ቅርስ ክርክርም ይሄው ሐሳብ ኮት ለብሶ ይመጣል፦ «በስክሪን እያያችሁት ምን ትፈልጋላችሁ?» አንድ አባትን ያነሳሁትን ወንጌል በላፕቶፕ አሳየኋቸው። ሐረጉን፣ የገጹን ጌጥ፣ በጣታቸው ተከትለው «እሰይ፣ ጎላ ብሏል» አሉኝ። ከዚያ ዞር ብለው ብራናውን ተሳልመው ማኅደሩ ውስጥ ከተቱት። ላፕቶፔን አልተሳለሙትም።

«እንግዲያው ሁሉም ይነሳ።» ይሄም ስህተት ነው። ብሪቲሽ ሙዚየም ያሉት 11 ጽላት አይታዩም፣ አይጠኑም፣ ፎቶም አይነሱም። ለማየት ያልተሠራን ነገር ዲጂታል ማድረግ ድፍረት ነው። መፍትሔው እነሱን መመለስ ነው።

ቤታችሁ ወይም ደብራችሁ ብራና ካለ አደራ፤ የተቀደደውን በፕላስተር አትለጥፉ፣ ላሚኔት እናድርገው የሚላችሁን አትስሙ። በቀን ብርሃን ጥላ ሥር አንሱት፣ ፍላሽ ይቅር። ጎኑ ላይ ማስመሪያ አስቀምጡ። የመጀመሪያው ፎቶ የመጽሐፉና የቦታው ስም የተጻፈበት ወረቀት ይሁን። ሦስት ቅጂ አድርጉ፣ አንዱ ሌላ ከተማ ይቀመጥ። ድጉሱንም፣ በቆዳ የተለበጠውን ሽፋን፣ አንሱ። ባዶ ቅጠል ደግሞ አትዝለሉ፤ የመሬት ውሉ፣ የርሃቡ ዓመት፣ የማን ልጅ መቼ እንደተጠመቀ ብዙ ጊዜ እዚያ ነው የተሞነጫጨረው።