የመጠገን መብት፦ ከብሎን እስከ ኮድ

የመጠገን መብት የሚባለው፣ አንድ ሰው የገዛው ዕቃ ሲበላሽበት ራሱ ወይም የመረጠው ባለሙያ እንዲሠራው መለዋወጫ፣ የጥገና መመሪያ፣ የመመርመሪያ ሶፍትዌርና መፍቻ በተገቢ ዋጋ የማግኘት መብት ነው። ስልክ፣ ላፕቶፕ፣ ልብስ ማጠቢያ፣ መኪና፣ ትራክተር ሁሉ በዚህ ሥር ይወድቃል። ክርክሩ የቴክኒክ ሆኖ ይጀምርና ሕግ አውጪዎች ዘንድ ያርፋል፤ ምክንያቱም ዛሬ ዕቃን የሚቆልፈው ኮድ ነው፣ ኮዱን የሚጠብቀው ደግሞ ሕግ ነው። (ዓመታቱ፣ ወራቱና ቀኖቹ ሁሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።)

ዕቃን ሆን ብሎ ዕድሜውን ማሳጠር አዲስ ነገር አይደለም። በ1924 ታላላቅ የአምፖል አምራቾች ፊበስ በተባለ ስምምነት ተሳስረው የአምፖልን ዕድሜ 1,000 ሰዓት ላይ ወሰኑት፤ ከዚያ በላይ የሚበራ አምፖል ያወጣ አባል ይቀጣ ነበር። ያም ሆኖ በዚያ ዘመን የተበላሸን ዕቃ ከመክፈት የሚያግድ አልነበረም። ብዙ ራዲዮኖች የኤሌክትሪክ መስመር ንድፋቸው ከሽፋናቸው ውስጥ ተለጥፎ ይሸጡ ነበር።

የመጀመሪያው መሰናክል ብሎን ነበር። አፕል በ2009 በላፕቶፕ፣ ቀጥሎም በአይፎን 4 ላይ ባለ አምስት ቅጠል ብሎን ተጠቀመ። ይህ ብዙም አላስቸገረም፤ ካቻቪቴው ወዲያው በርካሽ ተመርቶ ገበያ ላይ ዋለ። ሌላው መሰናክል፣ ሙጫው፣ ግን እስከ ዛሬ አልቀረም።

በሙጫ የተያዘ የስልክ ባትሪ ለመቀየር መጀመሪያ ቻርጁ ከ25 በመቶ በታች እንዲወርድ ይደረጋል፤ የሞላ ሊቲየም ባትሪ ከተበሳ እሳቱ የከፋ ነው። ስልኩ ይጠፋና ጠርዙ ሙጫው እስኪለሰልስ ይሞቃል። ስክሪኑን በመምጠጫ ጎማ ትንሽ ከፍ አድርጎ ዙሪያውን በቀጭን ፕላስቲክ መቁረጥ ይከተላል። ፕላስቲኩ ከጥቂት ሚሊ ሜትር በላይ ከገባ የስክሪኑን ሪባን ኬብል ይበጥሳል፤ ጀማሪ አብዛኛውን ጊዜ የሚያበላሸው እዚህ ላይ ነው። ስልኩ እንደተከፈተ ማንኛውም ነገር ከመነካቱ በፊት የባትሪው ማገናኛ ይነቀላል። ከባትሪው ሥር ያለው የሚሳብ ሙጫ ወደ ጎን ዝቅ ተደርጎ በዝግታ ካልተሳበ ይበጠሳል። ሲበጠስ በብረት መፈንቀል አደጋ ነው፤ ከ90 በመቶ በላይ የሆነ አይሶፕሮፒል አልኮል በጠርዙ አንጠባጥቦ ጥቂት ደቂቃ መታገስ ይሻላል። የታጠፈ ወይም ያበጠ ባትሪ ተመልሶ አይገጠምም፣ ቻርጅም አይደረግም። የውሃ መከላከያው ማጣበቂያ ተነስቶ በአዲስ ካልተተካ ደግሞ ስልኩ ውሃ ይችላል ብሎ መተማመን አይቻልም። ይህ ሁሉ ድካም ከፋብሪካው ምርጫ የመጣ ነው፤ በብሎን የታሰረ ባትሪ በደቂቃዎች ይቀየራል።

ባትሪ ለምን ይህን ያህል ያከራክራል? ሲያረጅ የውስጥ ሬዚስታንሱ፣ ማለትም የኤሌክትሪክ ፍሰትን የሚገታው ባሕርዩ፣ ይጨምራል። ፕሮሰሰሩ በድንገት ብዙ ኃይል ሲስብ ቮልቴጁ ይወርዳል፣ ስልኩም 30 በመቶ እያሳየ ሊጠፋ ይችላል። አፕል ይህን ለማስቀረት ያረጀ ባትሪ ያላቸውን ስልኮች በሶፍትዌር ፍጥነት እንደሚቀንስ በታኅሣሥ 2017 አመነ። ተጠቃሚው ግን የሚያውቀው ስልኩ መንቀራፈፉን ብቻ ነበር፤ ባትሪ መቀየር ሲበቃው አዲስ ስልክ የገዛ ብዙ ነው። ኩባንያው በቀጣዩ ዓመት የባትሪ መቀየሪያ ዋጋውን ከ79 ወደ 29 ዶላር አወረደ፤ በ2020 ደግሞ ፈረንሳይ 25 ሚሊዮን ዩሮ ቀጣችው። ጥፋቱ ማንቀርፈፉ ላይ አልነበረም፤ ለባለቤቱ አለመንገሩ ላይ ነው።

በኮድ ማሰር

ከባዱ መሰናክል አንድን መለዋወጫ ከአንድ ዕቃ ጋር በመለያ ቁጥር ማሰር ነው። ሁለት ተመሳሳይ፣ አዳዲስ ስልኮች ተከፍተው ስክሪናቸው ቢለዋወጥ ሁለቱም ኦሪጅናል ሆነው ሳለ ስልኮቹ «የማይታወቅ ክፍል» የሚል መልእክት ያወጣሉ። አንዳንዴም ቀለምን ከአካባቢው ብርሃን ጋር የሚያስማማው አገልግሎት ይጠፋል። ጠጋኞች ይህን ለማለፍ ከአሮጌው ስክሪን ላይ ትንሿን የማስታወሻ ቺፕ ነቅለው በአዲሱ ላይ ይበይዳሉ፤ የሩዝ ፍሬ የማታክል ነገር ስለሆነች በአጉሊ መነጽር ሥር የሚሠራ ሥራ ነው። አፕል ከአይኦኤስ 18 (የአይፎን ሶፍትዌር) ጀምሮ ያገለገሉ ኦሪጅናል ክፍሎችን ስልኩ ላይ ማስተካከል እንዲቻል አድርጓል፤ ቁልፉ ግን አሁንም በአምራቹ እጅ ነው።

በትራክተርም ነገሩ ያው ነው። ገበሬው የተቃጠለውን ሴንሰር ቢቀይር እንኳ አዲሱን ተቀብሎ የሚያነቃው ሶፍትዌር ያለው የአምራቹ ወኪል ዘንድ ነው፤ አዝመራ ደግሞ ወኪል እስኪመጣ አይጠብቅም። የአሜሪካ የፌዴራል ንግድ ኮሚሽን በጥር 2025 የትራክተር አምራቹን ጆን ዲርን በዚሁ ጉዳይ ከሷል።

የመስመር ንድፍ መከልከሉ እምብዛም አይወራም፤ ጉዳቱ ግን ትልቅ ነው። በስልክ ቦርድ ላይ ዋናው የኃይል መስመር ሾርት ሲሆን ጥፋተኛዋ ብዙ ጊዜ አንዲት ካፓሲተር፣ ኃይል የምታጠራቅም ትንሽ ክፍል፣ ነች። ባለሙያው በመልቲሜትር ሾርቱን ካረጋገጠ በኋላ ቦርዱ ላይ አልኮል ይነፋና ከመስመሩ መደበኛ ቮልቴጅ ያልበለጠ ኃይል ከፓወር ሰፕላይ ይለቅበታል። የተበላሸችው ክፍል ስለምትሞቅ አልኮሉ መጀመሪያ የሚደርቀው በእሷ ላይ ነው። ቮልቴጁ ከበዛ ደህናውን ፕሮሰሰር ያቃጥላል፤ የመስመሩን ቮልቴጅ የሚናገረው ደግሞ ንድፉ ነው። ንድፉ የሌለው ጠጋኝ «ቦርዱ ሞቷል» ብሎ ሙሉውን ለመቀየር ይገደዳል፣ በውስጡ ያለው ፎቶና መረጃም አብሮ ይሄዳል።

አምራቾች ለዚህ ሁሉ ደኅንነትን፣ ግላዊነትንና የፈጠራ ባለቤትነትን ምክንያት ያቀርባሉ። የጣት አሻራ ሴንሰር እንደ ልብ የሚቀየር ቢሆን ሌባ የራሱን ገጥሞ ስልኩን ሊከፍት ይችላል የሚለው መሠረት ያለው ስጋት ነው። ለባትሪ፣ ለስክሪንና ለካሜራ ግን አይሠራም። የንግድ ኮሚሽኑ ራሱ በግንቦት 2021 ለኮንግረስ ባቀረበው ሪፖርት የአምራቾቹን ምክንያት የሚደግፍ ማስረጃ በጣም ጥቂት መሆኑን ጽፏል።

ሕጎቹ

አሜሪካ ውስጥ የ1998ቱ የዲጂታል ቅጂ መብት ሕግ ሶፍትዌርን የሚጠብቅ ቁልፍ መስበርን ይከለክላል፤ ልዩ ፈቃድ በየሦስት ዓመቱ እየተጠየቀ ይሰጣል። ፈቃዱ ግን ጎዶሎ ነው፤ ባለቤቱ ቁልፉን እንዲሰብር ይፈቅድለታል፣ መስበሪያውን መሣሪያ ሠርቶ መሸጥ ግን እንደተከለከለ ይቀራል። ፕሮግራም መጻፍ ለማይችል ሰው እንዲህ ያለ ፈቃድ ጥቅሙ የወረቀት ነው።

በክልል ደረጃ ማሳቹሴትስ በ2012 የመኪና ጥገና ሕጉን በሕዝብ ድምፅ አሳለፈች፤ አምራቾችም በ2014 በአገር አቀፍ ስምምነት ተቀበሉት። በኤሌክትሮኒክስ የካሊፎርኒያ ሕግ ከሐምሌ 2024 ጀምሮ እየተሠራበት ነው፤ 100 ዶላርና ከዚያ በላይ ለሚያወጣ ዕቃ፣ ሞዴሉ መመረት ካቆመ በኋላም ቢሆን መለዋወጫና መመሪያ ለ7 ዓመት እንዲቀርብ ያስገድዳል። ኦሪገን በ2024 ከዚህ አልፋ በኮድ ማሰርን ራሱን ከለከለች፤ ሌሎቹ ሊከተሉት የሚገባው ይህን ነው። የኒውዮርክ ሕግ በታኅሣሥ 2022 ሲፈረም ግን በመጨረሻው ሰዓት ለአምራች የሚያደሉ ማሻሻያዎች ገቡበት። ከሐምሌ 2023 በፊት የተሠሩ ዕቃዎች ወጡ፤ አምራቹም በአንዳንድ ሁኔታ ነጠላ ክፍል ከመሸጥ ይልቅ ተገጣጥሞ ያለቀ ክፍል እንዲሸጥ ተፈቀደለት።

ስለዚህ የሕግ ረቂቅ የሚያነብ ሰው ርዕሱ ሊያዘናጋው አይገባም። «መለዋወጫ» የሚለው ቃል እንዴት እንደተተረጎመ ማየት ያስፈልጋል፤ የቻርጅ መሰኪያው ለብቻው ካልተሸጠ ጥገናው ከአዲስ ዕቃ ዋጋ ጋር ይቀራረባል። ሶፍትዌርና አዲስ ክፍልን የሚያነቃው የኮድ ቁልፍ በግልጽ ካልተጠቀሱ እንደሌሉ ይቆጠራሉ። «ተገቢ ዋጋ» ከምን ጋር ተነጻጽሮ እንደሚለካ ካልተጻፈ ደግሞ አምራቹ የፈለገውን ይጠይቃል።

የአውሮፓ ኅብረት ነገሩን ከዲዛይኑ ይጀምራል። ከሰኔ 20 ቀን 2025 ጀምሮ ለገበያ የሚቀርብ ስማርት ስልክ ሞዴሉ ከገበያ ከወጣ በኋላ ለ7 ዓመት መለዋወጫ፣ ቢያንስ ለ5 ዓመት የሶፍትዌር ማሻሻያ ሊኖረው ይገባል። ባትሪው ከ800 ሙሉ የቻርጅ ዙር በኋላ 80 በመቶ አቅሙን መያዝ አለበት፤ የመጠገን ደረጃውም ከኤ እስከ ኢ በመለያው ላይ ይታተማል። በ2024 ስለ ጥገና የወጣው የኅብረቱ ሕግ ደግሞ ከሐምሌ 31 ቀን 2026 ጀምሮ ተፈጻሚ ሲሆን፣ ዋስትና ላይ ያለ ዕቃው ከሚቀየርለት ይልቅ እንዲጠገንለት የመረጠ ሸማች የ12 ወር ተጨማሪ ዋስትና ያገኛል።

በስልኩ ደንብ ውስጥ አንድ በር ክፍት ተትቷል። ባትሪው ከ500 ዙር በኋላ 83 በመቶ፣ ከ1,000 ዙር በኋላ 80 በመቶ አቅም ከያዘና ስልኩ 1 ሜትር ውሃ ውስጥ 30 ደቂቃ ከተቋቋመ፣ አምራቹ ባትሪውን ተጠቃሚው ራሱ በቀላሉ እንዲቀይረው አድርጎ መሥራት አይገደድም፤ ባለሙያ ሊቀይረው መቻሉ ይበቃል። ሙጫው በብዙ ስልኮች ውስጥ ዛሬም የሚገኘው በዚህ በር በኩል ነው። ስልክ የሚገዛ ሰው ከመክፈሉ በፊት የባትሪውን አያያዝ ቢጠይቅ፣ መለያው ላይ ያለውን የመጠገን ፊደል ቢያይና የስክሪኑን መለዋወጫ ዋጋ ከስልኩ ዋጋ ጋር ቢያነጻጽር ይጠቅመዋል።